ደጅ፣ ሳሎንና ጓዳ

ታዳጊዎቻችን በስልካቸው ላይ ገመናቸውን እንዲጠብቁ ማን ያስተምራቸው?

ከሙከ ጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ለሚን ያውቃታል። ለሚ በሰሜን ሸዋ የእንሳሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከተማዪቱን አልፈው ሲሄዱ ደጋው ሜዳ በድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። ከዚያ አፋፍ ላይ ቆሞ ድንጋይ የለቀቀ ልጅ ድንጋዩን መልሶ አያገኘውም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ለለሚ ሰው መተርጐም የማያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

በቅርቡ አክስታችንን ለመጠየቅ ወደዚችው ከተማ ሄደን ነበር። እንደ ደረስን ቡና ተፈላ፤ ዳቦ ተቆረሰ። ይሁንና የቤቱ ታናሽ ልጅ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው፣ አልታየችም። የት እንዳለች ብንጠይቅ «ታማለች» ተባልን። ቆየት ብለን ብንጠይቅ «አኩርፋ ነው እንጂ አልታመመችም» ተባልን። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና አልፎ በረካ ላይ ሲደርስ ግን እውነቱ ወጣ። ልጅቱ ከተማሪ ቤት ከቀረች ዘጠኝ ቀን ሆኗት ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ የተማሪ ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ የተነሣችውን ፎቶግራፍ በአንድ ማኅበራዊ መገናኛ ገጿ ላይ አውጥታ ነበር። ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ያንን ፎቶግራፍ ወስዶ በስሟ ሌላ ገጽ ከፈተ። በዚያ ገጽ ለማታውቃቸው ወንዶች ሰላምታ ይልክ ጀመር። ዐረብ አገር በሥራ ላይ ላለችው ታላቅ እኅቷም «እናታችን ታማለችና በቶሎ ገንዘብ ላኪ» ብሎ ጻፈላት። እኅቲቱም ደንግጣ ያላትን ላከች። ወሬው ለሚ ሲደርስ የተወቀሰው ገንዘቡን የበላው ሰው ሳይሆን ፎቶግራፏ የተሰረቀባት ልጅ ሆነች። «ፎቶሽን ማን አውጪ አለሽ?» ተባለች። ስልኳም ተነጠቀና በእናቷ የልብስ ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

«ልጄ፣ ያበላሻት ስልኩ ነው» አሉን አክስታችን። «አሁን ግን ቆልፌበታለሁ።»

እኛ ግን ነገሩን ቀረብ ብለን በራሳችን ስልክ ብናየው፣ የተቆለፈው ሣጥኑ እንጂ ገጿ አለመሆኑን ተረዳን። ስልኩ ከነጠላና ከቀሚስ ሥር ተኝቶ ሳለ የልጅቱ ፎቶግራፍ፣ የተወለደችበት ቀን፣ የስልክ ቁጥሯና የተማሪ ቤቷ ስም ኢንተርኔት ላለው ሰው ሁሉ ተከፍቶ ይታይ ነበር። በሐሰት በስሟ የተከፈተውም ገጽ እንደ ልቡ ይጽፍ ነበር። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ጽሑፍ ከዚያ ሣጥን የተነሣ ነው።

ገመና የራሳችን ቃል ነው

ስለ ግል ሕይወት መጠበቅ በተነገረ ጊዜ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ በጋራ የምንኖር ሕዝብ ነን» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። በጋራ መኖራችን እውነት ነው። ነገር ግን ቋንቋችን ገመና የሚል ቃል አለው። ገመና ማለት ሰው ለሁሉ የማይገልጠው የራሱና የቤቱ ጉዳይ ነው። በችግር ቀን የጐረቤቱን ጉድለት ሳያወራ የሸፈነ ሰውም «ገመና ከታች» ተብሎ ይመሰገናል። እንዲህ ያለ ቃል ያለው ሕዝብ ነገሩን ከውጭ የሚማርበት ምክንያት የለውም።

በአያቶቻችን ዘመን ፊደል የቆጠረ ልጅ የሠፈሩ ደብዳቤ አንባቢ ነበር። ከአዲስ አበባ ወይም ከጦር ሠፈር የመጣውን ደብዳቤ ለአንዲት እናት ያነብላቸዋል፤ መልሱንም እርሳቸው እየነገሩት ይጽፋል። ልጁ በዚህ ሥራው ማን እንደ ተበደረ፣ ማን እንደ ታመመ፣ የማን ትዳር እንደ ሻከረ ያውቃል። ታዲያ ያነበበውን በመንገድ ላይ ያወራ እንደ ሆነ ሁለተኛ ደብዳቤ የሚሰጠው የለም። ይህን ሥነ ሥርዓት ያስተማረው መጽሐፍ አልነበረም፤ ሠፈሩ ነው። ዛሬ ልጆቻችን የራሳቸው ደብዳቤ ጸሐፊና የራሳቸው ፖስታ ቤት ሲሆኑ ሠፈሩ ምን አስተማራቸው? አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ስልኩን ገዝተን ሰጠናቸው፤ አንድ ነገር የተበላሸ ዕለት ደግሞ ነጠቅናቸው። በመካከሉ ሊኖር የሚገባውን ትምህርት ዘለልነው።

በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ልጅቱን ከክፍሏ አስወጣናትና ጓደኞቿን እንድትጠራ አደረግን። አራት ልጃገረዶችና ሁለት ወንዶች ልጆች መጡ። በግቢው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አክስታችንም በርጩማቸውን አቅርበው ምስር እየለቀሙ ያዳምጡን ጀመር።

ስሕተታችንን አስቀድመን እንናገር። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው እንደሚያደርገው ሁሉ ንግግር ጀመርን። ሴቲንግ የሚባለው የት እንዳለ፣ ምን እንደሚነካ፣ ምን እንደሚዘጋ ልናስረዳ ስንሞክር አንደኛው ልጅ እኛ ስንፈልገው የቆየነውን ሥፍራ በሁለት ንክኪ አግኝቶ አሳየን። ልጆቹ የስልኩን አሠራር ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ሲታጡ የነበሩት አዝራሮቹ አልነበሩም። የጐደለው አዝራሩ የሚጠይቀውን ጥያቄ ማንም ጠይቋቸው አለማወቁ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ይኸውም «ለማን?» የሚለው ነው።

ስለዚህ ስልኮቹን አስቀመጥንና ስለ ቤት አወራን። መንገደኛ በደጅ ላይ ሰላም ብሎ ያልፋል። እንግዳ ሳሎን ይገባል። ወደ ጓዳ የሚዘልቀው ግን የቤት ሰው ብቻ ነው። ይህንን የማያውቅ የለሚ ልጅ የለም፤ ሲያድግ ያየው ነው። በፌስቡክም ላይ አንድን ነገር ስናወጣ የምናገኛቸው ምርጫዎች ከዚህ አይርቁም። «ለሁሉም» የሚለው ደጅ ነው፤ «ለጓደኞች» የሚለው ሳሎን ነው፤ «ለእኔ ብቻ» የሚለው ጓዳ ነው።

ከዚያም ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወረቀት ሰጠናቸው። በገጻቸው ላይ ያለውን ነገር ሁሉ በተርታ እንዲጽፉ ጠየቅን፤ ሙሉ ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የስልክ ቁጥር፣ የትውልድ ቀን፣ የተማሪ ቤት ስም፣ የጓደኞች ዝርዝር፣ የሚገኙበት ሥፍራ። በየአንዳንዱም ጐን ስልኩን ሳይነኩ «ደ»፣ «ሳ» ወይም «ጓ» ብለው የሚፈልጉትን እንዲጽፉ አደረግን።

ክርክር ተነሣ። አንዷ የትውልድ ቀኗን ሳሎን አስገባችው፤ ጓደኞቿ እንኳን ተወለድሽ እንዲሏት ትፈልጋለችና። ሌላዋ ጓዳ አደረገችው። ከወንዶቹ አንዱ ኳስ ሲጫወት የተቀረጸውን ቪዲዮ ደጅ ላይ አኖረውና «ክለብ ካላየኝ ማን ያየኛል?» ብሎ ጠየቀን። ትክክል ነው አልነው። ገመናን መጠበቅ ማለት ሁሉን መደበቅ አይደለም። ደጅም ለራሱ ጥቅም አለው፤ ሰው በደጁ ላይ አበባ ይተክላል። ቁም ነገሩ ምን ደጅ እንደሚወጣ የሚወስነው ባለቤቱ መሆኑ ነው።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ስልኮቹ ተከፈቱ። እያንዳንዱም ነገር አሁን የት እንዳለ በሁለተኛው ረድፍ ላይ ተጻፈ። በዚህ ጊዜ ግቢው ጸጥ አለ። በመጀመሪያው ረድፍ ላይ «ሳ» እና «ጓ» የበዛበት ወረቀት በሁለተኛው ረድፍ ላይ ከላይ እስከ ታች «ደ» ሆነ። አክስታችን ምስሩን አስቀምጠው «ታዲያ ጓዳችንን ደጅ ያወጣው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ብዙዎቹ ገጾች ሲከፈቱ አብዛኛውን ነገር ለሁሉ ክፍት አድርገው ይጀምራሉ። ፌስቡክንና ኢንስታግራምን የሚያስተዳድረው ሜታ የተባለው ኩባንያ ገቢው በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው። ብዙ ሰው ብዙ ነገር ባየ ቁጥር ማስታወቂያውም ይታያል። ስለዚህ ክፍት የሆነው በር ለኩባንያው ይጠቅመዋል። በሩን መዝጋት የሚጠቅመው ባለቤቱን ነው፤ ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ መዝጋት አለበት።

የዘመን አቆጣጠር ያመጣው ጣጣ

በወረቀቱ ላይ ያልጠበቅነውን አንድ ነገር አገኘን። የአክስታችን ልጅ የተወለደችው በ2003 ዓ.ም. ነው። ገጹን ስትከፍት የትውልድ ዓመቷን ተጠየቀች፤ እርሷም እንደምታውቀው 2003 ብላ ሞላች። መሣሪያው ግን የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ነው። የእኛ 2003 በእነርሱ 2010 ወይም 2011 ነው። ስለዚህ ሳታውቀው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ተጨመረባት፤ የ15 ዓመቷ ልጅ በመሣሪያው ዘንድ የ22 ወይም የ23 ዓመት ሰው ሆና ተመዘገበች። ከስድስቱ ጓደኞቿ ሦስቱ እንደዚሁ አድርገው ነበር።

ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 15 የሆኑትን ልጆች ገጽ ገና ሲከፈት ዝግ ያደርገዋል፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉትም ቀጥታ መልእክት መለዋወጥ አይችሉም። ኢንስታግራምም እ.ኤ.አ. በ2024 ለታዳጊዎች የተለየ አካውንት ጀምሯል፤ ከ18 ዓመት በታች ያለው ልጅ ገጹ ዝግ ሆኖ ይጀምራል፤ ከ16 ዓመት በታች ያለው ደግሞ ጥበቃውን ለማላላት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ጥበቃ ሁሉ ግን በመጀመሪያ ደረጃ የሚመሠረተው ልጁ በሞላው የትውልድ ዓመት ላይ ነው። ልጆች ሆን ብለው ዕድሜያቸውን ከፍ ማድረጋቸው በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። በእኛ አገር ግን ሳይዋሽ፣ የአገሩን አቆጣጠር በትክክል በመጻፉ ብቻ ከጥበቃው የሚወጣ ልጅ አለ። ስለዚህ ለታናናሾቻችን ማስተማር የሚገባን የመጀመሪያው ነገር ምናልባት የትውልድ ዓመታቸውን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማወቅ ነው። በስሕተት የተሞላውም ማረም የሚቻል ከሆነ ይታረም፤ ካልሆነም ባለቤቱ ገጹን በገዛ እጁ ይዝጋው።

ስለ ቁጥር፣ ስለ ኮድና ስለ ሞባይል ቤት

በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ ቴሌግራም በብዙ የሚሠራበት ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በወረርሽኙ ምክንያት ተማሪ ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ብዙ መምህራን ትምህርቱን የላኩት በዚሁ ነው። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ስለ ግል ጉዳይና ስለ ደኅንነት የሚናገር ክፍል አለ። የስልክ ቁጥሬን ማን ይየው፣ ፎቶግራፌን ማን ይየው፣ መጨረሻ የገባሁበትን ሰዓት ማን ይወቅ፣ ማንስ ሳይጠይቀኝ ወደ ግሩፕ ያስገባኝ የሚሉት ጥያቄዎች በየተራቸው ተደርድረዋል። መልሱም «ሁሉም»፣ «የማውቃቸው ሰዎች» ወይም «ማንም» ነው። ደጅ፣ ሳሎን፣ ጓዳ ማለት ነው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። ማንም እንዳሻው ግሩፕ ውስጥ እንዳያስገባቸው መከልከል እንደሚችሉ ማወቃቸው በተለይ ልጃገረዶቹን አስደሰታቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ ከማያውቁት ግሩፕ ገብተው ራሳቸውን ሲያገኙ ዝም ብሎ ከመውጣት በቀር መድኃኒት ያለው አልመሰላቸውም ነበር።

ቀጥሎ ገጻቸውን ማን እንደ ከፈተላቸው ጠየቅን። ሦስቱ «ሞባይል ቤት ያለው ልጅ ነው» አሉን። የይለፍ ቃሉን ማን መረጠው? እርሱ። ምንድን ነው? የገዛ ስልክ ቁጥራቸው። ስለ ሞባይል ቤት ሠራተኞች ክፉ ማሰባችን አይደለም፤ ብዙዎቹ ለሠፈሩ ትልቅ አገልግሎት የሚሰጡ ወጣቶች ናቸው። ቢሆንም ቤት የሠራልን አናጢ ቁልፉን ሲያስረክበን ሁለተኛ ቁልፍ በኪሱ ይዞ አይሄድም። ገጽ ያስከፈተ ሰው ከሱቁ እንደ ወጣ የይለፍ ቃሉን ይለውጥ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ የሚባለውንም ሁለተኛ ቁልፍ ይጨምርበት። ወደ ስልኩ የመጣለትንም ኮድ ለማንም አይስጥ።

ስለ ኮድ በተናገርን ጊዜ ልጆቹ ሣቁ። «ይህንን የማያውቅ አለ እንዴ ጋሼ?» አለን አንዱ። እኛም አለ ብለን የራሳችንን ታሪክ ነገርናቸው። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሳለን አንድ ማታ ከክፍል ጓደኛችን መልእክት መጣልን። «በስሕተት ወደ አንተ የተላከ ቁጥር አለ፤ እባክህ ቶሎ ላክልኝ» ይላል። ፈተና እያጠናን ስለ ነበር ሳናስብ ላክን። የላከው ጓደኛችን አልነበረም፤ የእርሱን ገጽ ከአንድ ሰዓት በፊት የነጠቀ ሰው ነው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የእኛም ገጽ ተነጠቀና በስማችን ብድር ይጠየቅ ጀመር።

ከሁሉ የሚያሳፍረን ግን ኮዱን መላካችን አይደለም። ነገሩን ለሁለት ቀን ደብቀን መቆየታችን ነው። የሕግና የሥነ መንግሥት መጽሐፍ የሚያነብ ሰው በእንዲህ ያለ ተንኮል ተያዘ እንዳይባል ፈራን። በነዚያ ሁለት ቀናት ሦስት ወዳጆቻችን ገንዘብ ላኩ። በመጀመሪያው ሰዓት ብንናገር ኖሮ አንዳቸውም አይልኩም ነበር።

ይህን ስንናገር የአክስታችን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችን።

ሕጉ ምን ይላል?

ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አንባቢዎቻችን ሕጉን ማወቅ ይገባችኋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ሕጉ ሲወጣ በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት እንኳ ገና አልተጀመረም ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወት መከበርን መብት አድርጎ፣ በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች የሚደረገውን ግንኙነት ያስጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀውና አገራችንም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ16ኛው አንቀጽ ይህ መብት ለልጆችም መሆኑን ለይቶ ይናገራል።

ስለ ኮምፒዩተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰውን በኮምፒዩተር አማካይነት ማስፈራራትን በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ «ፎቶሽን አወጣዋለሁ» እያለ ልጅን የሚያስጨንቅ ሰው ጉረኛ ብቻ ሳይሆን ወንጀለኛ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የሰውን መረጃ የሚሰበስብ ሁሉ ለሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲሠራበት ያዛል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ለወጣት ሠራተኞች የሚሆን አንድ ቃል አለን። ልጆችን ገመናችሁን ጠብቁ ከማለታችን በፊት እኛ የልጆችን ገመና እንዴት እንደያዝን እንይ። ስምና የስልክ ቁጥር የያዘ የተማሪዎች ዝርዝር በሺሕ የሚቆጠር ሰው ባለበት የቴሌግራም ቻናል ላይ ሲለቀቅ አይተናል። የፈተና ውጤት ከነሙሉ ስሙ ሲለጠፍም አይተናል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ደብተርና እርሳስ ሲታደል የሚነሣው ፎቶግራፍ ነው። አንድ ድኻ ልጅ ስድስት ደብተር ለመቀበል ተሰልፎ ይቆማል፤ ፊቱ በግልጥ እየታየ ይነሣል፤ ማምሻውን በጽሕፈት ቤቱ ገጽ ላይ «ችግረኛ ተማሪ» ተብሎ ይወጣል። ፈቃዱን የጠየቀው ማን ነው? ከአምስት ዓመት በኋላ የክፍል ጓደኞቹ ያንን ፎቶግራፍ ቢያገኙትስ? ዕርዳታ የሰጠው ሰው ገመና ከታች መሆን ሲገባው ገመና ገላጭ ሆነ ማለት ነው። ፎቶግራፍ ማንሣት የግድ ከሆነ የደብተሩን ክምር፣ የልጆቹን እጅ ወይም ጀርባ ማንሣት ይቻላል። ይህ የበጀት ጥያቄ የለውም።

የሴቲንግ ወሰን

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ሴቲንግ የማይችለውን ነገር መናገር አለብን። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ወረቀት በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ወጥቶ ፈተናው ለሌላ ጊዜ መተላለፉን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። በጥብቅ ተጠብቆ የነበረ ወረቀት እንኳ አንድ ጊዜ ፎቶግራፍ ከተነሣ የሚመልሰው አልተገኘም። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ወዲህ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራትም ልጆቹ እንደ ነገሩን ፎቶግራፍና ቪዲዮ በሚሞሪ ካርድና ከስልክ ወደ ስልክ በማስተላለፍ ከቤት ወደ ቤት ይዞር ነበር። ሳሎን የገባ እንግዳ ያየውን ስክሪንሾት አንሥቶ ደጅ ሊያወጣው ይችላል። ሴቲንግ ይህን አያግድም።

ስለዚህ ልጅን «ዝጋ» ብሎ ማስተማር ግማሽ ትምህርት ነው። ቀሪው ግማሽ በሩ የተሰበረ ዕለት ለማን እንደሚነግር ማስተማር ነው። አስፈራሪው የሚኖረው በልጁ ኀፍረት ነው። «ለእናትሽ እነግራለሁ» ብሎ የሚያስጨንቃት እናቷ አስቀድማ እንደማትሰማት ስለሚያውቅ ነው። እናት አስቀድማ የሰማች እንደ ሆነ ግን ማስፈራሪያው ዋጋ ያጣል። የአክስታችን ልጅ የሐሰቱን ገጽ ያየችው ገንዘቡ ከመላኩ ከሁለት ቀን በፊት ነበር። ለምን እንዳልተናገረች ስንጠይቃት «ስልኬን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ» አለችን። እንደ ፈራችውም ሆነ።

አክስታችን ይህን ሰምተው ለጊዜው ምንም አላሉም። የለቀሙትን ምስር ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ እየወለወሉ መጡ። ለልጃቸው ሰጧትና «በይ እኔንም አሳዪኝ፤ የትኛው ነው ጓዳው?» አሏት።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ሥራ ብዙ ጊዜ አልወሰደም። የይለፍ ቃሉ ተለወጠ። የትውልድ ዓመቱ ታረመ። የስልክ ቁጥሩ ጓዳ ገባ፤ ፎቶግራፉ ሳሎን ገባ። ስድስቱም ጓደኞቿ በየስልካቸው የሐሰቱን ገጽ የሌላ ሰው ስም የያዘ ነው ብለው ለኩባንያው አመለከቱ። እኅቲቱ ጋ ተደወለ፤ የሐሰቱ ሰው የጻፈላትንም መልእክት ሳታጠፋ ፎቶግራፍ አንሥታ እንድትልክ ተነገራት፤ ለፖሊስ ማስረጃ ይሆናልና። የተላከው ገንዘብ አልተመለሰም። ሰኞ ጠዋት ግን ልጅቱ ከአራቱ ልጃገረዶች ጋር ወደ ተማሪ ቤት ሄደች።

አብዛኞቻችሁ በቤታችሁ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት አላችሁ። አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ያዙ፤ ሁለት ረድፍ አስምሩ። በመጀመሪያው ላይ ልጁ የሚፈልገውን፣ በሁለተኛው ላይ አሁን ያለውን ይጻፍ። ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድባችሁም። በመጨረሻም ወረቀቱን ከማጠፋችሁ በፊት «አንድ ነገር ቢደርስብህ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» በሉት። ያሉትንም ቃል የደረሰ ዕለት ይጠብቁ።